ለአማት የተደቃ ደረት

ለቅሶ ቤት ደረት ሲደቃ ባየሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ይህን ስናገር ሰዎች ክሊኒክ የሠራ ልቡ ደንድኗል ይሉኛል። ይበሉ። እኔ የምጠየፈው ሐዘኑን አይደለም። ማን ጠንክሮ መታ፣ ማን ዳሰስ ዳሰስ አደረገ እያለ የሚሰልለውን ዓይን ነው።

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ቢቸና ክሊኒክ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ያገባችው ሞጣ ነው። አንድ ጊዜ ወላጆቻችንን ልትጠይቅ መጥታ፣ የኮርቻውን የኋላ ማሰሪያ ስትፈታ በቅሎዋ ደረቷን በእርግጫ አለቻት። ወጌሻ ተጠራ። በቅቤ አሸት አሸት አድርጎ ጎድኖቿን አንድ በአንድ ዳበሰና «አጥንት አልተነካም፣ እግዜር ይመስገን» ብሎ ጠላውን ጨልጦ ሄደ። ቤተሰቡም ነገሩ በዚያ ያለቀ መሰለው።

እኔ ግን የእጇን አንጓ ይዤ ስቆጥር ትርታዋ ሦስት አራት ጊዜ ይመታና አንዱን ይዘለዋል፤ ደግሞ እንደ ደነበረ ፈረስ ይጋልባል። ኮርስ ላይ ሳለን፣ ደረቱን ተመትቶ ትርታው የተዛባ ሰው ተኝቶ መሰንበት አለበት፣ አጥንቱ ደኅና ሆኖ ልቡ ሊጎዳ ይችላል ብለው አስተምረውናል። «እታለም፣ ከአልጋ እንዳትወርጂ። ትንሽ ሲሻልሽ ደብረ ማርቆስ እንወስድሻለን» አልኳት። ደረቷንም በፋሻ ጠቀለልኩላት።

በአምስተኛው ቀን ከሞጣ መርዶ መጣ፤ አማቷ አርፈዋል።

«እሄዳለሁ» አለች።

«ትሞቻለሽ እኮ!»

«ብቀርስ በምን ዓይኔ ሞጣ እኖራለሁ? በቅሎ ረገጠችኝ ብል ማን ያምነኛል? አማቷን ጠልታ ቀረች እያሉ ልጆቼ ፊት ሲያሙኝ ሊኖሩ ነው።»

አባቴን አየሁ። አባቴ መሬት መሬቱን አዩ። ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ራሴ ለራሴ ያስጠላኛል። እምቢ ማለት እችል ነበር። «እንግዲያው ስትደቂ በጣትሽ ጫፍ ብቻ፣ ለይምሰል ያህል» አልኳት።

«አንተ ሙት፣ በጣቴ ጫፍ ነው» ብላ ማለችልኝ።

ፋሻውን አጥብቄ አሰርኩና በሌላ በቅሎ ላይ አስቀምጬ፣ እየተንፏቀቅን፣ ግንደወይን አድረን ሞጣ ገባን። ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል። እህቴ ነጠላዋን አገልድማ ከሴቶቹ መሃል ገባች። አልቃሿ ግጥም ስታወርድ እሷ ቃሏን ጠብቃ ደረቷን በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ ታደርጋለች።

የሟቿ እህት በዕድሜዋ አንቱ የምትባል ሴት ናት፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አንቱ ልላት አፌ እሺ አይለኝም። ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ዝንብ ነው እንዴ የምታባርሪው? እንደ እናት ይዛ ላኖረችሽ ይኸ ነው ብድሯ?» አለቻት። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩአት። እንባቸው ወዲያው ደርቆ ነበር።

እህቴ መጀመሪያ በመዳፏ፣ ቀጥላ በጡጫዋ ደረቷን ትደቃው ጀመር። ድው፣ ድው ሲል ከቆምኩበት ይሰማኛል። «እታለም፣ ተይ!» እያልኩ ሰዉን ስጋፋ አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዙ። «ተዋት ይውጣላት፤ ወንድ ልጅ ሴቶች መሃል ምን ይሠራል?» አሉኝ። ለማስረዳት ስንተባተብ ወደቀች።

ማንም አልሮጠም። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ራስን ስቶ መውደቅ ያስመሰግናል። «ምራት ማለት እንዲህ ናት!» አለች ያቺው ሴት። አልቃሿም ስለ ወደቀችው ምራት ግጥም ጨመረች። ክንዴን አስለቅቄ ስደርስ እህቴ አፏ አፈር ነክቶ፣ ዓይኗ ተከፍቶ ነበር። አንጓዋን ይዤ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ምንም የለም። ከላዬ ግጥሙ ቀጥሏል። ያን ጊዜ ሁሉንም አንድ በአንድ ብተፋባቸው ደስ ባለኝ።

አባቴ ለሠልስቷ ሞጣ መጡ። ሴትዮዋ አጠገባቸው ተቀምጣ «የእህቴ ፍቅር ነው የገደላት። እንዲህ ያለ ሞት ለስንቱ ይሰጣል?» አለች። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ የሕክምናውን ታውቃለህ። እውነት ሐዘን ነው?»

ዓይናቸው «አዎ በለኝ» እያለ ይለምነኝ ነበር። ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል።

«አዎ አባዬ፣ ሐዘን ነው» አልኩ።

ሴትዮዋ ራሷን ነቅንቃ አመሰገነችኝና «በሉ እንጂ፣ ለልጁ አቅርቡለት» አለች። ቀረበልኝ። በላሁ።