ሞሪ ሳን የያዙት መርዶ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሥራ ተበሳጭቶ መጣ። መሥሪያ ቤቱ ከአንድ የጃፓን ድርጅት ጋር መሥራት ጀምሯል። «እማዬ፣ ስትጠይቂያቸው ዝም ይላሉ። ኖ እንኳን አይሉም» አለኝ። ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሞሪ ሳን ትዝ አሉኝ።

እንደ ፈረንጆቹ በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ከጃፓን የወጥ ቤት ዕቃ በሚያስመጣ ትንሽ ድርጅት እሠራ ነበር። ሞሪ ሳን አለቃችን ናቸው፤ «ሳን» የእኛ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» እንደማለት ነው። ድምፃቸው ከወረቀት ኮሽታ አይበልጥም። ባልደረባዬ ሊንዳ ካናዳዊት ስለሆነች፣ «አዎ ሲሉ ተስማሙ ነው ወይስ ሰሙ?» እያለች ትጨነቅ ነበር። «ትንሽ ያስቸግራል» ካሉ ነገሩ እንዳበቃለት ለእኔ ለመረዳት አልከበደኝም። ያደግኩት ይሉኝታ ባለበት ቤት ነው።

አንድ የካቲት ከቶኪዮ እንግዶች ሊመጡ ሆነ። ስለ ካናዳ ገበያ ንግግር እንዳደርግ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ወሩን ሙሉ ተዘጋጀሁ። ጃፓኖች የስም ካርድ የሚቀበሉት በሁለት እጅ ነው፤ በሁለት እጅ መቀበልን ደግሞ እናቴ በልጅነቴ አስተምራኛለች።

በዕለቱ ረፋድ ላይ ሞሪ ሳን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ቆሙ።

«ሰብለ ሳን፣ ንግግሩን ሊንዳ ታድርገው። አንቺ ቤት ሄደሽ ዕረፊ።»

«ያጠፋሁት ነገር አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን?»

አቀረቀሩ። «ትንሽ ያስቸግራል» አሉ።

የቀለጠው በረዶ ጫማዬ ውስጥ እየገባ ወደ ሰፈሬ ወደ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚሄደውን ባስ ያዝኩ። ባሱ እርጥብ ካፖርት ካፖርት ይሸታል። እንግዶቹ ፊት ጥቁር ሴት ማቆም አፍረው ነው ብዬ ደመደምኩ። ቤት ገብቼ የተረፈ ምስር ወጥ ሳላሞቀው በዳቦ በላሁና ሥራውን ልለቅ ወሰንኩ።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። የአባቴ ያክስት ልጅ ጋሽ ግርማ ከፊት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከኋላ ቆመዋል። ማንም ሳይናገር ገባኝ። አዲስ አበባ ያለው አባቴ አርፎ ነበር።

ለቅሶው ላይ ሞሪ ሳን ከሊንዳ ጋር መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሽማግሌዎቹ መሃል ተቀመጡ፤ ንፍሮውን እየለቀሙ ረጅም ሰዓት ቆዩ። ጋሽ ግርማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እኚህ ናቸው አለቃሽ? በመርዶሽ ዋዜማ ጠዋት ፈቃድ ልጠይቅልሽ ስደውል ስልኩን ያነሱት እሳቸው ናቸው። በእኛ ወግ መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው፤ እስከዚያ እንዳይነግሯት ብዬ ለመንኳቸው።»

«ምን አሉዎት?»

«ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ኋላ፣ ገብቶኛል አሉ።»

ለሊንዳ ይህን በእንግሊዝኛ ስነግራት ዕንባዋ መጣ። «እኔ ብሆን ወዲያው እነግርሽ ነበር። መብትሽ ነው» አለችኝ። ወደ ሥራ ስመለስ ሞሪ ሳንን ጠየቅኋቸው። ብዙ አላብራሩም። «አባቷ የሞተባትን ልጅ እንግዳ ፊት ቆመሽ ሳቂ ማለት አልቻልኩም» አሉ፤ በዚያው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔም እሳቸው ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ አብሬያቸው ሠራሁ።

መርዶ መደበቅ ልክ ነው ብዬ አሁን አልከራከርም። ልጄ እንደ ሊንዳ ነው የሚያስበው፤ የሊንዳም ሐሳብ የፍቅር ነው። ነገር ግን እኔ ባስ ውስጥ ሆኜ ስረግማቸው፣ እሳቸው ከእንግዶቻቸው ጋር ተቀምጠው ያን ከባድ ነገር ይዘው መዋላቸውን ሳስብ ልቤ ይለሰልሳል። አባቴን አያውቁትም፤ ግን ከእኔ ቀድመው ያዘኑለት እሳቸው ናቸው።