አልቃሿ ዲንቄ አልቃሽ ስትፈልግ

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ የካ ሚካኤል አካባቢ እትዬ ዲንቄን ሳያስጠሩ መሞት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። አንዳንድ በሽተኛ «ዛሬ ሌላ ለቅሶ ላይ ናት» ሲሉት ነፍሱን በጥርሱ ይዞ እስክትመለስ ይቆያል ይባላል። እኔ ብቻ ሁለቱን አውቃለሁ፤ አንደኛው ሲጠብቅ ሲጠብቅ ዳነና ቀረ።

ሥራዋ አልቃሽነት ነው። ሰው ሲሞት ትጠራለች፤ ሟቹ ምን ይወድ፣ ምን ይጠላ፣ ከማን ጋር ይኳረፍ እንደነበር ጓዳ ገብታ ትጠይቅና ስንኟን እዚያው ትደረድራለች። ድንኳን ውስጥ ቆማ ስትጀምር የሟቹ የፍርድ ቤት ባላንጣ ሳይቀር ከጎኑ ካለው ሰው መሐረብ ይለምናል፤ ከዚያ እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ያለው ባሕር ዛፍም ቅጠሉን ያረግፋል። ደግሞ አትዋሽም። በስስቱ አገር ያወቀው ዱጋሳ የሞተ ጊዜ፣ ለቀስተኛው ሁሉ «አሁን ለዚህ ምን ልትል ነው?» ብሎ ጆሮውን ሲያቆም፣

የሰው ገንዘብ አይቶ እጁ የማይነሳ፣
የራሱን ሳይነካ ሄደብን ዱጋሳ።

አለችና አረፈች። ሚስቱ ተነሥታ ጉልበቷን ስማለች።

አሁን ግን ዲንቄ ደክሟታል። የዚያን ዓመት ክረምት ሰው ተጠራርቶ የሞተ ይመስል ነበር። ጉሮሮዋ ተልጧል። ጉልበቷ ዳገት በሩቁ ሲያይ ይብረከረካል። እንባዋም ቢሆን እየተለመነ ነው የሚመጣው። ይህ ሁሉ ይቻል ነበር፤ ያልተቻለው አንድ ሐሳብ ነው። ልጅ የላትም። ሠፈሩ ውስጥ ሌላ አልቃሽ ነበረች፣ እሷም ሞታለች፤ ያለቀሰችላት ራሷ ዲንቄ ናት።

«የካን በሙሉ በወግ በወጉ ሸኝቼ፣ እኔ ዝም ተብዬ ልገባ ነው?» አለች አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ከቀብር ስትመለስ። ይህን እያሰበች እግሯ ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ጠጅ ሻጯ ሎሚ ቤት ወሰዳት።

ሎሚ ቤት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ዘፈን ሠሪዎች ይሰበሰባሉ። ደንቡን ያወጣችው ሎሚ ናት፤ ዘፈን የተጫወተ ሁሉ ዘፈኑ ከየት እንደመጣበት መናገር አለበት። ያልተናገረ ብርሌው አይሞላለትም።

ዲንቄ በሩ ላይ ስትታይ አንድ ጠጪ በቀስታ የራሱን ግንባር ዳሰሰ።

«እትዬ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለች ሎሚ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች።

«ማንም አልሞተም። ዘፈን ልሰማ ነው።»

«እርስዎ? ዘፈን?»

«ምነው፣ ጆሮዬን ቀብሬዋለሁ እንዴ? ነይ፣ ማረፊያ ስጪኝ።»

ሦስት ሰዎች ነበሩ። ኃይለ መስቀል ለከተማ ዘፋኞች የፍቅር ግጥም የሚያቀብል ጎረምሳ ነው፤ ክራሩን አቅፎ ዘፈኑን ተጫወተና ታሪኩን ቀጠለ። «ይሄ የመጣልኝ ቧንቧ ውሃ ጋ ነው። አንዲት ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። አንዴ ብቻ! ሰባት ቀን እህል አልቀመስኩም።»

«ያየችህ እኮ እንስራዋን ተደግፈህባት ነው» አለ ጉተማ። ጉተማ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚዘፍን የመሰንቆ ሰው ነው፤ ዕድሜው የዲንቄ እኩያ፣ ምላሱ ግን የማንም እኩያ አይደለም።

ሦስተኛው ሳልህ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ብርዙን እየጠጣ፣ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ጉም ውስጥ ባደረበት ሌሊት ስለመጣለት ዘፈን አወራ። ዲንቄ ዓይኗን ጨፍና ሁሉንም ሰማች። ተኛች ሲሏት ተናገረች።

«በሉ ልጆች፣ እኔ ሞቻለሁ እንበል።»

«በስመ አብ!» ሎሚ አማተበች።

«እንበል ነው ያልኩት። አልቅሱልኝ እስቲ። ከእናንተ ውስጥ የሚያለቅስልኝ ሰው ካለ ልወቅና ልረፍ።»

ማንም መጀመር አልፈለገም። ኃይለ መስቀል ግን ወጣት ነውና ክራሩን አነሣ።

ጥርሷ ወተት መሳይ፣ ከንፈሯ እንጆሪ፣
ምነው ጥላን ሄደች የልቤ ጧፍ አብሪ።

ዲንቄ የቀሩላትን አራት ጥርሶች ገልጣ አሳየችው። «ከእኔ ጋር ሌላ ሴትዮ ልትቀብሩ ነው? መቃብሩ አይበቃንም። ቀጥል አንተ፣ ሹፌር።»

ሳልህ ጉሮሮውን ጠረገ። ጀመረ፤ ድምፁም ጥሩ ነበር። ግን በሁለት ስንኝ ቀብሯት፣ በሦስተኛው ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በአምስተኛው ኮምቦልቻ ደርሶ አንዲት ቀይ ልጅ ደጃፍ መኪናውን አቆመ።

«ይቅርታ እትዬ፣ መንገዱ ወሰደኝ።»

«አየሁት። አፈር እንኳ ሳታለብሰኝ።» ዲንቄ እጇን ወደ ግንባሯ ወሰደች። ነጠላዋን ልትሰበስብ ስትነሣ ግድግዳውን ተደገፈች። ያን ጊዜ በእውነት ያረጀች መሰለች። «ይሁን፣ ደክሞኛል። ልሂድ።»

«ተቀመጪ» አለ ጉተማ።

«አንተ የስድብ ሰው ነህ፣ ጉተማ።»

«ታዲያ አንቺ ስትሞቺ ምስጋና ከየት ይመጣል? ተቀመጪ አልኩሽ!» መሰንቆውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ዲንቄ መጣች በሉ፣ ወጡን አሙቁላት፣
ሳትበላ አታለቅስም፣ ሟቹን አቆዩላት።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሎሚ አፏን በመቀነቷ ያዘች። ዲንቄ ግን አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ጎንበስ ብላ ቀረበች። «እውነት ነው። በባዶ ሆድ ድምፅ አይወጣም። ቀጥል።»

ጉተማ ቀጠለ። ቀብር ላይ ጫማዋን አውልቃ በብብቷ እንደምትይዝ፣ የማትወደው ሰው ሲሞት ለቅሶዋን አብልጣ እንደምታሳምር፣ ከካህናቱ ጋር ማን ይቅደም እያለች እንደምትጣላ፣ ሁሉንም አነሣው። እሷ በየስንኙ «እውነት ነው» ትላለች። ከዚያ የመሰንቆው ድምፅ ቀነሰ። የዲንቄ ባል ገበየሁ የሞተ ዕለት ሠፈሩ ሁሉ ጆሮውን ከፍቶ ሲጠብቅ እሷ አንድ ስንኝ ሳይወጣት ቀርቶ ነበር፤ «ልበ ደረቅ» ያላት ብዙ ነው። ጉተማ ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ነበር።

በሰው ለቅሶ ቆማ አገር ስታስለቅስ፣
ባሏ የሞተ ለት አቃታት መተንፈስ።

የሳቀ የለም። ዲንቄ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ እንባዋ ከክረምቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይለመን መጣ። ቆይታ ግን ነጠላዋን ገለጠች።

«መተንፈስማ ተንፍሻለሁ» አለች በተላጠ ጉሮሮዋ። «አስተካክለው።»

«ምን ልበል?»

«ያጣሁት ቃል ነው። ‹ቃል አጣች ልትቆርስ› በል። እስቲ ከላይ ጀምረህ ድገመው።»

ደገመው። ጮኸብኝ አለችው፤ ዝቅ አድርጎ ደገመው። ቸኮልክ አለችው፤ አዝግሞ ደገመው። ኃይለ መስቀልና ሳልህ ቅኔ ቤት እንደገባ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሎሚ ብርሌ መሙላት ረሳች፤ ይህ በዚያ ቤት ታሪክ ሆኖ አያውቅም።

በመጨረሻ ዲንቄ «ይበቃል» አለች፤ ትከሻዋ ትልቅ ሸክም እንዳወረደ ሰው ዝቅ አለ። «ትሆናለህ። ሌላ ሰው እንዳታስጠጋብኝ፣ አንተው ቁምልኝ።»

«እኔ ቀድሜ ብሞትስ?» አለ ጉተማ መሰንቆውን እያስቀመጠ። «እኔም እኮ ሳል አለብኝ።»

«ያንተማ አልቋል። ከሠራሁት ቆየ።»

ጉተማ ብርሌውን አፉ ሳያደርስ አቆመው። «አልቋል? የኔ? እስቲ አሰሚኝ!»

«አይሆንም።»

«ያንቺን ሰምተሽ የለ? ምን ብለሽብኛል፣ አንቺ ሴትዮ?»

ዲንቄ ጫማዋን አውልቃ በብብቷ ያዘች። ዳገቱን ከጅብ በፊት መጨረስ አለባት። «ቀብርህ ላይ እነግርሃለሁ» አለችና ቀስ ብላ ወጣች።