በአመድ የፈተግሁት ሰንጢ

ከጎተራ ኮንዶሚኒየም እስከ ካዛንቺስ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። እኔ ግን ለመነሳት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቦርሳዬ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ አሮጌ የአሜሪካ ሰንጢ አለ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የሚያድነው ሰው ካለ ደግሞ ካዛንቺስ ቢላ የሚስሉት ጋሽ ሸምሱ ይሆናሉ ብዬ ወጣሁ።

ባለቤቴ ጌታቸው መካኒክ ነበር። አሜሪካ የተሠሩ ሰንጢዎችና የአደን ቢላዎች ሲሰበስብ ኖረ። አንዳንዱን ከምናለሽ ተራ፣ አንዳንዱን አገር ለቀው ከሚሄዱ የውጭ ሰዎች እየገዛ አሥራ አንድ አደረሳቸው። በሕይወቱ አንዲት ጅግራ እንኳ አድኖ አያውቅም፤ እጀታቸው ከተደራረበ ቆዳ የተሠራውን የአደን ቢላዎች ግን በየእሁዱ ከአፎታቸው እያወጣ ዘይት ይቀባቸው ነበር። ከሁሉም የሚወደው የመጀመሪያውን ነው። ሦስት ስለት ያለው ሰንጢ ነው፤ እጀታው የበሬ አጥንት ነው። ልጅ ሳለ ያስተማረው አሜሪካዊ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት ሄደ።

ለአርባው ቤት ሲጸዳ የእሱንም ዕቃ ላጸዳ ተነሳሁ። እንግዳ የሟች ዕቃ ቆሽሾ እንዲያይ አልፈለግሁም። የሰንጢው ትልቁ ስለት ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ነበረበት። በአመድ አሸሁት፤ እምቢ ሲለኝ በድስት ማጠቢያ ሽቦ ፈተግሁት። እንደ መስታወት አበራ። በአርባው ዕለት እንደ ጌታቸው ሰንጢ የሚሰበስብ አንድ ወዳጁ አንስቶ ስለቱን አገላብጦ አየው። “ቀለሙ የት ሄደ?” አለኝ። ጥቁረቱ ዝገት እንዳልነበረ፣ የድሮ ብረት ለዓመታት ሲሠራበት የሚያወጣው መልክ እንደሆነ፣ ሰብሳቢም እንደማይነካው የነገረኝ እሱ ነው። ጌታቸው ዕድሜውን ሙሉ ያኖረበትን መልክ በአንድ ከሰዓት አጠብኩት ማለት ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ጎተራ

ወደ ስታዲየም የሚሄድ ሚኒባስ አገኘሁ። ጥቁር ልብሴን ያየች ሴት በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ለቀቀችልኝና “ያጽናዎት” አለችኝ። አመሰገንኳት። ከስታዲየም ሌላ ታክሲ ይዤ ካዛንቺስ ወረድኩ።

ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል፣ ካዛንቺስ

ጌታቸው “ከሥጋ ቤቱ ጎን፣ ሰማያዊ በር” ይል ነበር። ሥጋ ቤቱም በሩም የሉም። ሰፊ መንገድ፣ አዲስ የእግረኛ ንጣፍ፣ ገና ጥላ ያልሠሩ ችግኞች አሉ። ሁለት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ሄድኩ። በመጨረሻ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ የምትሰበስብ ልጅ፣ ቢላ የሚስሉት ሰውዬ የት እንዳሉ ጠየቅሁ።

“ማዘር፣ ማለቴ፣ እዚህ የነበረው ሁሉ ተነስቷል እኮ” አለችኝ። “ሸምሱ ሞረዱ ነው አይደል የሚፈልጉት? ኡራኤል ነው ያለው፣ ቤዝመንት። የእናቴን ቢላ ስሎላት በቃ እኛ ቤት ጣቱን ያልቆረጠ የለም።”

የሕንፃውን መልክ ነግራኝ በእግሬ ተጓዝኩ። የታክሲው ሰልፍና ጥሩንባ እስከ ኡራኤል አልተለየኝም።

ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ኡራኤል

የሕንፃው በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ፈተሸና መሐረቡን አስፈታኝ።

“እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ ማንን ሊወጉ ነው?”

ላስል እንደመጣሁ ነገርኩት። ሰንጢውን እንድሰጠው መዳፉን ዘረጋ፤ እኔ ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ስለት ከእጅ ወደ እጅ ከተሰጠ ያጣላል ይባላል፤ በቤታችንም ሕጉ ይህ ነበር። ጌታቸው ብርቱካን ልጦ ሲጨርስ ሰንጢውን በእኔ በኩል ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፣ እኔ አነሳለሁ። ጥበቃው ሳቀና አሳለፈኝ።

ጋሽ ሸምሱ ታች ቤዝመንት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከመሳያው ድንጋይ ፊት ተቀምጠዋል። ከዚህ በፊት ተያይተን አናውቅም። ሰንጢውን ከፊታቸው ሳኖረው እጀታው ላይ ያለችውን ስንጥቅ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። “የጌታቸው ነው” አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ጥቁር ልብሴን አዩ። ሰፈሩ ስለተበተነ መርዶ የሚያደርስላቸው ሰው አልነበረም። ድንጋዩን የሚያዞረውን ሞተር አጠፉ።

ስለቱን ሲከፍቱት ግን ፊታቸው ተለወጠ።

“ማን አጠበው?”

“እኔ ነኝ።”

በምን እንዳጠብኩት ነገርኳቸው። ሽቦ ስል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጌታቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ሊያስለው ሲመጣ አጠገባቸው ቆሞ፣ ጠርዙን ብቻ እንጂ ጎኑን እንዳይነኩ ሲጨቀጭቃቸው ይውል እንደነበር አጫወቱኝ። መልሰው ሊያጠቁሩት ይችሉ እንደሆነ ጠየቅሁ።

“ኮምጣጤ ውስጥ ብነክረው ለማታ ይደርሳል። ሰብሳቢ እንኳ አይለየውም።”

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። የመጣሁት ለዚህ ነበር።

“የእሱ ይሆናል?” አልኩ።

“የኮምጣጤ ነው የሚሆነው። የእሱ ከብርቱካን ነው የመጣው።”

ያን ጊዜ ገባኝ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ይልጥበታል፣ ከዚያ ሳያጥበው በሱሪው ይጠርገዋል። ለዚያ ሱሪ ስንት ዓመት ነዘነዝኩት። ኮምጣጤው ይቅር አልኳቸው። ጠርዙን ብቻ ስለው፣ ዘይት አስነክተው፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ።

“ይብሉበት” አሉኝ። “ሲጨርሱ ይጥረጉት። ሽቦ ብቻ አያሳዩት።”

ከሰዓት፣ ወደ ቤት

በኦሎምፒያ በኩል ወደ ደምበል ወረድኩ። ከአንድ ፍራፍሬ ቤት ብርቱካን ገዛሁ፤ ኪሎው ሦስት መቶ ብር ነው። ሻጩ ጣፋጩን ሊመርጥልኝ ሲል ኮምጣጣውን እንዲሰጠኝ ነገርኩት፤ ገርሞት አየኝ። ታክሲው ጎተራ እስኪደርስ ፌስታሉን ታቅፌ ሄድኩ።

ይህን የምታነቡ፣ የሟች ዕቃ ከማጽዳታችሁ በፊት ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። እኔ ከዚህ መንገድ ያመጣሁት ምክር ይኸው ነው።

ቤት ገብቼ አንዱን ብርቱካን ላጥኩ። ስለቱን ሳላጥበው በቀሚሴ ጠረግሁት። ከልማዴ ውጭ ሰንጢውን ጌታቸው በሚቀመጥበት በኩል ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ብርቱካኑን በልቼ ስጨርስ እዚያው ነበር። ዞሬ ሄጄ አነሳሁትና ሁለተኛውን ላጥኩ።