«ቆይ» ያልኳቸው ካፕቴን

ነገሩ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ የትናንቱን የምረሳ ሰው፣ ይቺን ያልረሳሁት ውስጧ ያለችውን ቃል ዛሬም በቀን መቶ ጊዜ ስለምላት ነው። ብጽፈው ትንሽ ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው።

የምኖረው ኦክላንድ ነው፤ በዲቪ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ። ያኔ ጠዋት ሚልፒታስ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚሁ ኦክላንድ፣ አፕታውን ሰፈር አንድ ሽማግሌ ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ። እንቅልፌን የምጨርሰው ባቡር ላይ ነበር።

ሽማግሌው ቱርካዊ ናቸው። ሰው ሁሉ ካፕቴን ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። የመርሳት በሽታ እንግሊዝኛቸውን ጠራርጎ ወስዶ ቱርክኛውን ብቻ ትቶላቸዋል። ልጃቸው ኤሊፍ ዳብሊን ነው የምትኖረው፤ የአየርላንዱ ሳይሆን እዚሁ ካሊፎርኒያ ያለው፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። አባቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቱርክ ባሕር ዳርቻ ለሽርሽር የሚመጡ ሰዎችን በእንጨት ጀልባ ሲያዞሩ የኖሩ ናቸው። ግድግዳው ሁሉ ፎቶ ነው፦ እስከ ውሃው አፍ የወረደ ጥድ፣ ትንንሽ ደሴቶች፣ ባሕሩ ወደ መሬት ገባ ብሎ ነፋስ የማያገኘው ጥግ፣ ጀልባው ላይ ተዘርረው ፀሐይ የሚሞቁ ፈረንጆች። ኤሊፍ እንዳለችኝ ሳምንቱን ሙሉ ዛሬ አንዱ ጥግ፣ ነገ ሌላው ጥግ እያደሩ ይዋኛሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ከነገረችኝ ሁሉ እኔ ልብ ውስጥ የቀረው «ይተኛሉ» የሚለው ነው።

ከካፕቴን ጋር የምንግባባው በእጅ ነበር። እንግሊዝኛም ባወራ አማርኛም ባወራ ለሳቸው ያው ስለሆነ፣ ሲደክመኝ አማርኛው ያመልጠኛል። በተለይ «ቆይ»። ካልሲ ሳጠልቅላቸው ቆይ፣ መድኃኒታቸውን ሳዘጋጅ ቆይ፣ ሾርባ ሳሞቅ ቆይ። አባቴን ለሚያህል ሰው «ይቆዩ» ነበር የሚባለው፤ እናቴ ብትሰማኝ በዚህ ዕድሜዬም በርበሬ ታጥነኝ ነበር። ግን ለማይሰሙት ቋንቋ ምን አንቱታ ያስፈልጋል ብዬ ተውኩት።

አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። ቆይ ባልኳቸው ቁጥር ፊታቸው ፈካ ይልና ከወንበራቸው ሊነሱ ይታገላሉ። እኚህ ሰውዬ እልኸኛ ናቸው እላለሁ፤ መልሼ አስቀምጣቸዋለሁ።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ጠዋት ሰው ጎድሎብን የሁለት ሰው ሥራ ስሠራ አርፍጄ፣ ወገቤን ይዤ ነው ካፕቴን ቤት የደረስኩት። የታጠበ ልብስ ከታች ይዤ ስገባ እጄ ሙሉ ስለነበር የበሩን የላይኛውን ቁልፍ ሳልቆልፈው ቀረሁ። ወዲያው ጽጌ ደወለች፤ ሚልፒታስ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት።

«የኔ ቆንጆ፣ ቅዳሜ ሺፍቴን ከቨር አድርጊልኝ፣ ቸርች ፕሮግራም አለብን» አለችኝ።

«ጽጌ፣ እኔም እኮ ሰው ነኝ።»

«አንድ ቀን ብቻ፣ ስለ ጌታ ብለሽ።»

እንዲህ እየተከራከርን ካፕቴን እጅጌዬን ይጎትታሉ። በቱርክኛ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ የሚጠይቁኝ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። አንዴ ጎተቱኝ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ዞር ብዬ እንኳ ሳላያቸው «ቆይ! ቆይ አልኩ እኮ!» አልኳቸው፤ በቁጣ። እጃቸው ለቀቀኝ። እሰይ፣ ዛሬስ ሰሙኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ስዞር ወንበሩ ባዶ ነው። ኮፍያቸው የለም። በሩ ገርበብ ብሏል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ደወልኩ፣ ቀጥዬ ለኤሊፍ። ጥግ ላይ ያለው የሱቅ ዘበኛ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ አይቻለሁ አለኝ። ሌክ ሜሪት ከቤታቸው ብዙ አይርቅም፤ ግን እኚህ ሰው ያለ እኔ ክንድ መታጠቢያ ቤት ደርሰው የማይመለሱ ናቸው። ስልኩን ሳልዘጋ በእጄ እንደያዝኩ ሮጥኩ።

ሐይቁ ዳር ስደርስ አየኋቸው። ጀልባዎች የሚታሰሩበት የእንጨት መድረክ ጫፍ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ገመድ ይፈታሉ። ያ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያቅተው ጣታቸው ቋጠሮውን እንደ ቀልድ ይፈታዋል።

«ቆይ! ካፕቴን፣ ቆይ!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ፈገግ አሉ፣ እጃቸውን አነሱልኝ። ከዚያ መድረኩን ገፋ አደረጉት፤ ጀልባዋ ተላቀቀች። እኔ ቆይ ባልኩ ቁጥር እሳቸው ይፈጥናሉ። ዋና አልችልም። አካባቢው ላይ የጀልባ ሠራተኛ የለም። ዓይኔ እያየ ሰው ልገድል ነው አልኩ።

ኤሊፍ ስልኩ ላይ ነበረች፤ የምጮኸውን ትሰማለች። «አባቴን ለምንድን ነው ቆይ የምትዪው?» አለችኝ።

«ጠብቀኝ እያልኩት ነዋ።»

«በቱርክኛ እኮ ጀልባ የሚያድርበት የባሕር ጥግ ማለት ነው። ወደዚያ ሂድ እያልሽው ነው።»

«ቁም ለማለት ምን ትላላችሁ ታዲያ?»

«ዱር። ዱር በይው።»

ከኦክላንድ መሀል፣ ሯጩም ውሻ የያዘውም ቆሞ እያየኝ፣ ዱር፣ ዱር እያልኩ ጮህኩ። ሌላ ቀን ቢሆን በራሴ እስቅ ነበር። ካፕቴን እጃቸውን አቆሙ። ግራ ገብቷቸው አዩኝ። የገመዱ ጫፍ ገና መድረኩ ላይ ይጎተት ስለነበር በሆዴ ተኝቼ ያዝኩት፤ አንድ ሯጭ መጥቶ አብሮኝ ሳበ። ሲወርዱ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሶ፣ እየተንቀጠቀጡ ነበር። በጣም ተቆጡኝ።

ኤሊፍ መጥታ አቀፈቻቸውና የሚሉትን ሰማች። «አንዴ ሂድ አንዴ ቁም እያለች ግራ አጋባችኝ ነው የሚለው» አለችኝ እያለቀሰች። «በየቀኑ የሚጠይቅሽ ዛሬ የት ነው የምናድረው ብሎ ነው። አንቺ ደግሞ ጥጉ ጋ ትዪዋለሽ።»

እሳቸው ጋ የመደበኝ ኤጀንሲ የቋንቋ አለመግባባት ብሎ ፎርሙን ዘጋው። ካፕቴን በወሩ ሳን ሆዜ ወዳለ መንከባከቢያ ገቡ። ደህና ናቸው፤ አልፎ አልፎ እጠይቃቸዋለሁ። ኤሊፍ ነገሩን ለሠራተኞቹ ስታወራ አሁን እየሳቀች ነው፤ የሁለት ቋንቋ ቀልድ ሆኖላታል። እኔም አጠገቧ ቆሜ አብሬ እስቃለሁ።

ስለ ቁልፉ አልነገርኳትም። ስልክ ላይ እንደነበርኩም፣ ሳላያቸው እንደጮህኩባቸውም አልነገርኳትም። ብዙ ጊዜ ልነግራት አስቤ ሲደክመኝ እተወዋለሁ። ካፕቴን የሰሙት የማረፊያ ቦታ ስም ነው። እኔ ያን ቀን ቆይ ስላቸው ግን «ጠብቁኝ» ማለቴ እንኳ አልነበረም። ተዉኝ ነበር ያልኳቸው።