የልጄ ጆሮ ውስጥ ሞልድ

ሻጋታም ሞልድ፣ በጆሮ ልክ የሚሠራውም ነገር ሞልድ፤ ፈረንጅ ስም አጥቶ ነው?

እኔ ሞልድ የማውቀው ብሩክሊን ፓርክ ከተማ የተከራየነው ቤት ሻወር ውስጥ ያለውን ጥቁር ሻጋታ ነው። መስማት ለሚያስቸግራት የአራት ዓመት ልጄ የመስሚያ መሣሪያ ሊሠራላት ስንሄድ ባለሙያዋ በእንግሊዝኛ «ዛሬ የጆሮዋን ሞልድ እንወስዳለን» ስትለኝ የሻወሩ ሻጋታ ልጄ ጆሮ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

«ኧረ ሻወሩን በየሳምንቱ በበረኪና አጥባለሁ!» ብዬ አለቀስኩ።

ሴትየዋ ግራ ገባት። ከዚያ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ነገር ልጄ ጆሮ ውስጥ ጨምራ፣ ሲጠነክር አውጥታ አሳየችኝ። ለካ መስሚያው የሚሠራው በዚያ ልክ ነው። እፎይ!

ተሠርቶ ሲመጣ ጆሮዋ ላይ ልክክ አለ። እንደለመድኩት ጮክ ብዬ «ሶስዬ፣ ይሰማሻል?» አልኳት።

«ማሚ፣ ዋይ አር ዩ የሊንግ?» አለችኝ፤ ለምን ትጮኺያለሽ ማለቷ ነው።

አራት ዓመት ስጮህ ኖሬ አሁን ድምፄን እንዴት ልቀንስ? እባካችሁ እናቶች፣ ምከሩኝ።