ሚዛኑ ላይ አልወጣም

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ከክፍላችን ልጆች ሁሉ ወፍራሟ እኔ ነበርኩ። አባቴ ሸጎሌ፣ ከብት ገበያው አጠገብ፣ ሱቅ ነበረው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብስኩትና ለስላሳ የሚከለክለኝ አልነበረም። እናቴ ገጠር ስታድግ ርሃብን አይታለች፤ ቀጭን ልጅ ያስፈራታል። እንግዳ ሲመጣ ጉንጬን ይዛ «እዩልኝ፣ ማሻአላህ!» ትላለች። ትምህርት ቤት ግን የሚጠሩኝ «ቦቴ» እያሉ ነበር፤ እንደ ነዳጅ መኪናው።

አንድ ቀን የስፖርት አስተማሪያችን ሚዛን ይዞ መጣና ሜዳው ላይ አሰለፈን። የእያንዳንዳችንን ኪሎ ጮክ ብሎ ይጠራል፣ የክፍል አለቃዋ ትጽፋለች። የእኔን ሲጠራ ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

«ቲቸር፣ ሚዛኑ ተሰበረ!» አለ አንዱ።

አስተማሪውም ሳቀ። ከልጆቹ ይልቅ አንጀቴን የቆረጠው የእሱ ሳቅ ነው።

በወሩ ሚዛኑ ተመልሶ መጣ። ተራዬ ሲደርስ ከፊቱ ቆምኩ።

«ውጪ እንጂ!»

«አልወጣም።»

«ምን አልሽ?»

«መጀመሪያ እርስዎ ይውጡ። እኔ ጮክ ብዬ አነብልዎታለሁ።»

ቦርጩ ቀበቶው ላይ ተኝቷል። ያን ቀን ማንም አልሳቀም። «ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ!» ብሎ አባረረኝ።

በማግስቱ እናቴ ዳይሬክተሯ ፊት ቆመች።

«በአስተማሪዋ ላይ አፏን መክፈት አልነበረባትም፤ ቅጣቷን ለእኔ ተዉት» አለች። «ግን ልጄን የላክኋት እንድትማር ነው። እንደ ሸጎሌ ከብት ሰው ፊት እንድትገመት አይደለም!»

ከዚያ ወዲህ የምንመዘነው በር ተዘግቶ፣ አንድ በአንድ፣ ከጤና ጣቢያ በምትመጣ ነርስ ሆነ። እናቴን ለብቻዋ ጠርታ ያነጋገረቻትም እሷ ናት፤ እኔ በር ላይ ሆኜ ሰማኋት።

«ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጉልበቷንም ያማታል። ለስላሳ አይስጧት፣ እትዬ። ጥጋብና ጤና አንድ አይደሉም።»

እናቴ ተከፋች፤ ለስላሳው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ። እኔም ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። ኪሎዬ ትንሽ ቀነሰ እንጂ ቀጭን አልሆንኩም። ዛሬም አይደለሁም፤ ለዚህም ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም።

አስተማሪውም እኔን ይቅርታ አልጠየቀኝም። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳውን ስንዞር ዓይኑን ከእኔ ላይ አይነቅልም፤ ደክሞኝ እስክቀመጥ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ሁሌ መጨረሻ የምደርሰው እኔ ነበርኩ። አንድም ዙር ግን አቋርጬ አላውቅም።