የምስክርነቴ ሌላኛው ግማሽ

በ2017 ዓ.ም. በጋ ነው። ልጄ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ አንጀቷን ታምማለች። ሐኪሙ ረጅም የፈረንጅ ስም ጠራልኝ፤ ፊቴን አየና በአማርኛ አስረዳኝ። «አንጀቷ ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል። ሕመሙ በመድኃኒት ይተኛል። ተኛ ማለት ግን ሄደ ማለት አይደለም» አለኝ። በጆሮዬ ሰማሁት። በልቤ አልያዝኩትም።

የምንኖረው ቀራንዮ፣ አራት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት የሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። ቁልፉ የሚንጠለጠለው ጨርቅ ነጋዴ የሆነችው ሙስሊም ጎረቤታችን በር ላይ፣ ምስማር ላይ ነው። ልጄ ሲብስባት በቀን ዐሥር ጊዜ ትመላለሳለች። ቁልፉን ሌላ ሰው ወስዶት ከሆነ ሆዷን ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። አንድ ቁልፍ ላስቀርጽላት ብሎ መጠየቅ ቀላል ነበር። እኔ ግን አፈርኩ። የልጄ ሕመም የግቢ ወሬ እንዳይሆን ብዬ ወራት ሙሉ ዝም አልኩ።

ኅዳር ላይ ለክትትል ስንሄድ አንዲት ነርስ የልጄን ስልክ ተቀብላ ቴሌግራም ላይ አንድ ቡድን ውስጥ አስገባቻት። እንደሷ አንጀታቸውን የሚታመሙ ልጆች፣ ከደሴም ከሐዋሳም፣ ሐሙስ ሐሙስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በድምፅ ይገናኛሉ። ነርሷ ትመራቸዋለች። ሕመማቸውን ራሳቸው እንዲይዙት ታስተምራቸዋለች።

«ወላጅ አይገባም» አለችኝ ነርሷ።

«እናትም?»

«በተለይ እናት» አለችና ሳቀች።

ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ እኔ በረንዳ ላይ ነኝ። ሥራዬ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ነው። እጄ ይሰፋል፣ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። የሚሉት አይለይም፤ ሳቃቸው ብቻ ይሰማል። አንድ ቀን ልጄ እንባዋ እስኪወርድ ስትስቅ ቆይታ ወጣች።

«ምን ተባለ?» አልኳት።

«የደሴው ልጅ ድንገት መጣበትና ከባጃጅ ዘሎ ወርዶ ሽንት ቤት ፍለጋ ሮጠ። ሹፌሩ ‹ሂሳብ! ሌባ!› እያለ ሽንት ቤቱ በር ድረስ ተከተለው።»

«ታዲያ ይሄ ያስቃል?»

«እኛን ያስቃል፣ እማዬ።»

የቤት ሥራም አላቸው። በየቀኑ ማታ ከመተኛቷ በፊት ደብተር ላይ ትጽፋለች፦ ስንት ጊዜ ወጣሁ፣ ደም አለው ወይስ የለውም፣ ምን በላሁ፣ መድኃኒቴን ወሰድኩ ወይ። ስልኳን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንዲጮኽ ሞላችው። ሲጮኽ መድኃኒቷን ትውጣለች። አንድ ሳምንት ደግሞ ነርሷ «የሚያስፈልጋችሁን አንድ ነገር ራሳችሁ ሰው ጠይቁ» ብላ አዘዘቻቸው። በማግስቱ ልጄ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ቁልፍ አንጠልጥላ ገባች።

ትንሽ ቆይታ ጎረቤታችን መጣች።

«አንቺ ሴትዮ! ልጅ በር ላይ አስቁመሽ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም? አፍሽንም ሰፍተሽዋል እንዴ?» አለችኝ። ወደ ልጄ ዞረች። «ወረፋ ጠብቂ የሚልሽ ካለ በእኔ ስም ገፍተሽው ግቢ፣ የኔ ልጅ።»

እኔ ያፈርኩበትን ልጄ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው። ያን ቀን ማታ ስጸልይ ምንም አልለመንኩም፤ አመሰገንኩ ብቻ።

ጥር ላይ ደሙ ቆመ። ጉንጯ ሞላ። ለራሷ የሰፋሁላትን ዩኒፎርም ወገቡን ማስፋት ነበረብኝ፤ ስፌቱን እየዘመርኩ ፈታሁት።

በጸሎት ቤታችን እሑድ እሑድ ከስብከት በፊት የምስክርነት ጊዜ አለ። ጌታ ያደረገለትን መናገር የሚፈልግ ስሙን ያስመዘግብና መድረክ ላይ ይወጣል። ብዙ ዓመት ስሄድ ወጥቼ አላውቅም። የካቲት ላይ ወጣሁ። «ልጄ ደም ይፈስሳት ነበር። ጌታ ፈወሳት። ፈጽማ ድናለች» አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። የማላውቃቸው ሰዎች አቀፉኝ። ልጄ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቀርቅራ ነበር፤ ከደስታ ነው አልኩ። ልናገር ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። መጠየቅ እንዳለብኝም አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላ ስልኳ ጠዋት ጠዋት መጮኹን ተወ። ልብ አላልኩም።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ ቡድናቸው እንዳበቃ ወደ በረንዳው መጣች። ደብተሯን ይዛለች።

«እማዬ፣ መርፌውን አስቀምጪው። እስክጨርስ ደግሞ አትናገሪ።»

አስቀመጥኩት።

«መድኃኒቴን አቁሜያለሁ። አንቺ የመሰከርሽ ቀን ነው ያቆምኩት። ድናለች ብለሽ ሰው ሁሉ እልል ካለ በኋላ እኔ መድኃኒት ብውጥ አንቺን ውሸታም ማድረግ መሰለኝ። ከእሑድ ጀምሮ ደሙ ተመልሷል። ዛሬ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሲስተር ደግሞ ‹ዛሬውኑ ለእናትሽ፣ በዚህ ሳምንት ለሐኪሙ› አለችኝ። ለቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ አስይዛልኛለች።»

ደብተሩን ከፈተችልኝ። ከምስክርነቴ ማግስት ጀምሮ በመድኃኒቱ መስመር ላይ በየቀኑ «አልወሰድኩም» ይላል። አንድም ቀን ለራሷ አልዋሸችም። እኔ ያን ደብተር ገልጬ አይቼው አላውቅም ነበር።

ላለቅስ ነበር። «አታልቅሺ፤ ከዚህ ሁሉ የፈራሁት እሱን ነው» አለችኝ። ዋጥኩት።

ቅዳሜ ከ18 ማዞሪያ ታክሲ ይዘን ጦር ኃይሎች ወረድን። ክሊኒኩ ቅርብ ነው። መንገዱን ሙሉ የምፈራው አንድ ነገር ነበር፦ ዘግይተን እንዳይሆን። ሐኪሙ እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞረ።

«እሺ እናት፣ ምን ሆነች?»

አፌን ከፈትኩ። ልጄ ጉልበቴን በእጇ ነካችው።

«ዶክተር፣ የታመምኩት እኔ ነኝ። እኔ ልንገርዎት።»

ቅንድቡን ከፍ አደረገና ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። «ይቅርታ፣ አለቃ። ቀጥይ።»

ከደብተሯ እያየች ነገረችው። ስንት ቀን እንደደማት፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትወጣ፣ ትኩሳት እንደሌላት፣ መድኃኒቱን ከመቼ ጀምሮ እንዳቆመች። መጨረሻ ላይ የጻፈቻቸውን ሦስት ጥያቄዎች ጠየቀችው። አንዱን ሲመልስላት አልገባትም፤ «እንደገና ያስረዱኝ» አለችው። እኔ ሐኪም ፊት እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ «እሺ» ነው የምለው።

«ለምን አቆምሽው?» አላት ሐኪሙ።

ወለሉን አየሁ።

«ሲተኛ የዳንኩ መሰለኝ» አለችው። ስሜን አላነሣችም።

ደሟ ተመረመረ፣ ዓይነ ምድሯም። ከሰዓት በፊት ውጤቱን አየና መድኃኒቷን እንደገና አስጀመራት። «በጊዜ መጥታችኋል። በጊዜ ያመጣችሁ ደግሞ ይህ ደብተር ነው» አለ። ጌታዬን በልቤ አመሰገንኩ። ፊቷን አንድ ጊዜ ብቻ ላየኋት ነርስም ጸለይኩ።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«ለምን ሸፈንሽልኝ?» አልኳት በቀስታ።

«አልሸፈንኩልሽም። የእኔን ግማሽ ነው የነገርኩት። ሌላኛው ግማሽ ያንቺ ነው፤ አንቺ ተናገሪው።»

«ለሐኪሙ?»

«ለእሱ ምን ያደርግለታል? እልል ላሉት ነዋ።»

18 ማዞሪያ ደረስን። ወራጅ ብለን ስንወርድ «ምን ብዬ ልናገር?» አልኳት።

«ስለ ሆዴ እንዳታወሪ። ስለ መድኃኒቱ ግን ተናገሪ፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደኔ ያቆመ ሰው ይኖር ይሆናል። አታስረዝሚው ልልሽ ነበር፤» ሳቀች፣ «አንቺ ግን ባለፈውም አላስረዘምሽውም።»

በማግስቱ እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ውኃ ቀድቼ ሰጠኋት፤ ዋጠች። ጸሎት ቤት ቀድመን ደረስን። ስም የምትመዘግበው እህት ስታየኝ ፊቷ በራ። «ደግሞ ምን አደረገልሽ፣ እህቴ?» አለችኝ። «ስሜን ጻፊው ብቻ» አልኳት።

ተራዬ ሲደርስ ወጣሁ። «የካቲት ላይ እዚህ ቆሜ ልጄ ፈጽማ ድናለች ብዬ ነበር። ማንም ሳይነግረኝ፣ እሷንም ሳልጠይቅ ነው የተናገርኩት። እኔን ውሸታም ላለማድረግ ብላ መድኃኒቷን አቆመች፤ ተጎዳች። ይቅር በሉኝ። ዛሬ የምመሰክረው ጌታ እውነቱን የምትናገር ልጅ እንደሰጠኝ ነው። መድኃኒቷንም የሰጣት እሱ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ውጣለች። መድኃኒት ያለው ሰው መድኃኒቱን ይውሰድ» አልኩ።

እልልታ አልነበረም። አንዲት አሮጊት ከኋላ ብቻዋን «አሜን» አለች። ማይኩን መለስኩና ወርጄ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ልጄ ጎን ተቀመጥኩ።